አስም አብሮን ከቤት ሲወጣ

አስም ያለበት ሰው በገዛ ቤቱ ብዙ ነገር ማዘዝ ይችላል። ወለሉን በደረቁ ከመጥረግ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ያስወለውላል፤ አንሶላውን በሙቅ ውኃ ያሳጥባል፤ ሲጋራ የሚያጨስ እንግዳ ቢመጣበት ደጅ ወጥቶ እንዲያጨስ ይለምነዋል። ከደጃፉ ከወጣ በኋላ ግን የሚተነፍሰውን አየር የሚወስኑለት ሌሎች ናቸው። የሥራ ቦታው በምን ቀለም እንደሚቀባ የሚመርጠው አለቃው፣ ወለሉ በየትኛው ኬሚካል እንደሚጸዳ የሚወስነው የጽዳት ኃላፊው፣ ጥቁር ሰሌዳው መቼ እንደሚጠረግ የሚያውቀው መምህሩ፣ ሩጫው በስንት ሰዓት እንደሚጀመር የሚቆርጠው አሠልጣኙ ነው። እኔም ከአስም ጋር ያደግሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ስለዚህ ሕመም የሚሰጡት ምክሮች አብዛኞቹ በመኝታ ቤትና በወጥ ቤት ላይ ሲያተኩሩ አያለሁ፤ ነቅተን ከምንውልበት ሰዓት ብዙውን የምናሳልፈው ግን ሌላ ቦታ ነው። ከቤት ውጭ ከአስም የሚጠብቀን በኪሳችን የያዝነው መድኃኒት ብቻ ሳይሆን፣ ሕመሙ ከመነሳቱ በፊት አብረውን ከሚውሉት ሰዎች ጋር ያደረግነው ንግግርና ስምምነት ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት በሳንባ ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ይጠቅማል። አስም ባለበት ሰው ዘንድ የአየር ቧንቧዎቹ ውስጠኛ ገጽ፣ ሰውየው ደህና ነኝ በሚልበት ቀን እንኳ፣ በመጠኑ የተቆጣና ያበጠ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ጉንፋን፣ አቧራ፣ ጭስ፣ ቀዝቃዛ አየር ወይም ሌላ ቀስቃሽ ሲጨመርበት በቧንቧዎቹ ዙሪያ ያሉት ጡንቻዎች ይኮማተራሉ፤ እብጠቱ ይብሳል፤ ወፍራም አክታም መተላለፊያውን ያጠበዋል። መድኃኒቶቹም ከዚሁ ጋር የሚሄዱ ሁለት ዓይነት ናቸው። እንደ ሳልቡታሞል ያሉት ፈጥነው የሚያስታግሱ መድኃኒቶች የተኮማተረውን ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ አላልተው ከ4 እስከ 6 ሰዓት የሚቆይ እፎይታ ይሰጣሉ፤ እብጠቱን ግን አይነኩትም። በመደበኛነት የሚወሰዱትና ወደ ሳንባ የሚሳቡት እንደ ቤክሎሜታዞንና ቡዴሶናይድ ያሉ ኮርቲኮስቴሮይዶች ደግሞ እብጠቱን ቀስ በቀስ ያበርዱታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 262 ሚሊዮን ሰዎች አስም እንደነበረባቸውና 455 ሺህ ሰዎች በዚሁ ሕመም ምክንያት እንደሞቱ ገምቷል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ የሚገኙት ሕመሙ በጊዜው በማይታወቅባቸውና መድኃኒቱ በበቂ ሁኔታ በማይዳረስባቸው አገሮች ነው።

ስለ ሥራ፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ጨዋታ ከማውራት በፊት አንድ ነገር መቅደም አለበት፤ ይኸውም ሕመሙ በቁጥጥር ሥር ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመውና ጂና በሚለው ምኅጻረ ቃል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአስም ተነሳሽነት፣ በ2019 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎችና ወጣቶች አስማቸውን ፈጥኖ በሚያስታግሰው መድኃኒት ብቻ ማከም እንደሌለባቸውና ኮርቲኮስቴሮይድ ያለበት ሕክምና ሊያገኙ እንደሚገባ አስታውቋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ማስታገሻው ጥሩ ስሜት ስለሚሰጥ እብጠቱ ከሥር እየባሰ መሆኑን ይሸፍናል። በዓመት ውስጥ እያንዳንዳቸው 200 መርጫ የሚይዙ የማስታገሻ ቆርቆሮዎችን ሦስትና ከዚያ በላይ የጨረሰ ሰው ለከባድ የአስም መነሳት የበለጠ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ በመሥሪያ ቤቱ ሽቶ ወይም በሜዳው አቧራ ከማማረራችን በፊት የገዛ ቆርቆሯችንን መቁጠር ይኖርብናል። በቁጥጥር ሥር ያልዋለ አስም ማንኛውንም ቦታ አደገኛ ያደርገዋል።

ወደ ሥራ ቦታ ስንመጣ ሁለት የሚመሳሰሉ ግን የተለያዩ ነገሮች እናገኛለን። አንደኛው ቀድሞውኑ የነበረን አስም ሥራው ሲያባብሰው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሥራው ራሱ አስምን ሲፈጥር ነው፤ ሰውየው ጤነኛ ሆኖ ተቀጥሮ አስም ይዞ ይወጣል። ይህ ሁለተኛው ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ የተለመደ ነው፤ በአዋቂነት ዕድሜ ከሚጀምሩት የአስም ሕመሞች 15 በመቶ የሚሆኑት ከሥራ ጋር የተያያዙ እንደሆኑ ይገመታል። አዲስ ነገርም አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች ሕመም ባሳተመው ጥናት ዳቦ ጋጋሪዎችና እህል የሚያበጥሩ ሠራተኞች ከሚተነፍሱት ብናኝ የተነሳ በትንፋሽ እጥረት እንደሚሠቃዩ ጽፎ ነበር። ሐኪም በሽተኛውን ሥራህ ምንድን ነው ብሎ እንዲጠይቀው ያስተማረውም እርሱ ነው። ዛሬ በሥራ የተጣደፉ ሐኪሞች ይህን ጥያቄ ሲዘሉት ስለማይ፣ ታካሚው ሳይጠየቅ ቢናገር ይሻላል እላለሁ።

ሥራ አስምን የሚፈጥርበት ዋናው መንገድ ሰውነት ለአንድ ነገር አለርጂክ እየሆነ በመሄዱ ነው። በዳቦ መጋገሪያ የስንዴ ዱቄቱና ወደ ሊጡ የሚጨመሩት ኢንዛይሞች፣ በእንጨት ሥራ ሰጋቱራው፣ በመኪና ቀለም ቅብና በስፖንጅ ፋብሪካ አይሶሳያኔት የሚባሉት ኬሚካሎች፣ በፀጉር ሥራ ፀጉር ማንጫው ውስጥ ያሉት ፐርሰልፌቶች፣ በሕክምና ቦታ ላቴክስ ከሚባለው የተፈጥሮ ጎማ የሚሠራው ጓንት ዱቄት፣ በኤሌክትሮኒክስ ጥገና የቆርቆሮ ብየዳው ሙጫ ጭስ፣ በምርምር ቤት የአይጦች ሽንትና ፀጉር በዚህ ረገድ በደንብ የታወቁ ናቸው። ይህ ዓይነቱ አስም በመጀመሪያው ቀን አይታይም። ከሥራው ጋር ከተገናኙ በኋላ ሳምንታት፣ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ሰውነት ማመፅ የሚጀምረው። ለዚህም ነው «ስንት ዓመት ስሠራበት የኖርኩት ነው፣ ምን ያደርገኛል» የሚለው ክርክር ውኃ የማያነሳው። አንዴ አለርጂው ከተፈጠረ በኋላ ደግሞ ለሌላው ሠራተኛ ምንም የማይመስለው እጅግ ጥቂት መጠን እንኳ ሕመሙን ለመቀስቀስ ይበቃል፤ ስለዚህ በመሥሪያ ቤቱ የሚለካው የብናኝ መጠን ከተፈቀደው በታች መሆኑ ለዚያ ሰው ዋስትና አይሆነውም።

ምልክቱን ለመለየት ጊዜን መከታተል ያስፈልጋል። በሥራ ቀናት የሚብስ፣ በዕረፍት ቀናት የሚሻል፣ ረጅም ፈቃድ ሲወጡ የሚጠፋና ሲመለሱ የሚያገረሽ ሳልና የትንፋሽ እጥረት ካለ ሥራውን መጠርጠር ተገቢ ነው። ነገሩን የሚያወሳስበው ግን የሰውነት ምላሽ ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። ጠዋት የተተነፈሰው ነገር ምላሹን ከሰዓታት በኋላ፣ ማታ ቤት ከተገባ ወይም ሌሊት ከተተኛ በኋላ ሊያሳይ ይችላል። ሰውየውም አልጋውን፣ ብርድ ልብሱን፣ የቤቱን እርጥበት ይወነጅላል፤ ዋናው ጥፋተኛ ግን ስምንት ሰዓት አብሮት የዋለው ነገር ነው። ሕመሙ በቆየ ቁጥር ደግሞ ሁለት የዕረፍት ቀናት ለማገገም ስለማይበቁ የሥራና የዕረፍት ቀን ልዩነቱ ራሱ ይደበዝዛል።

ጥርጣሬን ወደ ማስረጃ የሚለውጥ ርካሽና ቀላል መሣሪያ አለ፤ ፒክ ፍሎው ሜትር የሚባለው፣ ሰው በኃይል ሲተነፍስበት የትንፋሹን ፍጥነት የሚለካ ትንሽ ቱቦ ነው። ሥራ የወለደው አስም ሲጠረጠር በቀን ቢያንስ አራት ጊዜ፣ በሥራ ቀናትም በዕረፍት ቀናትም፣ ለተከታታይ ሳምንታት እየለኩ መመዝገብ ይመከራል። ውጤቱ በሥዕል ሲቀመጥ በሥራ ቀናት መውረዱንና በዕረፍት መውጣቱን ሐኪሙ ከወረቀቱ ላይ ያነበዋል። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ፦ ሥራውን ከለቀቁ በኋላ ይህንን ማረጋገጥ እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ ሕመሙ ለሕይወት የሚያሰጋ ደረጃ ላይ ካልደረሰ በቀር፣ ልኬቱና ምርመራው የሚጀመረው ሰውየው ገና በሥራው ላይ እያለ ቢሆን ይመረጣል። የካሳ መብትም ሆነ የሥራ ቦታ ለውጥ ጥያቄ የሚቆመው በዚያ ወረቀት ላይ ነው። ምርመራው አንዴ ከተረጋገጠ በኋላ ግን መቆየት ይጎዳል። ከአለርጂው ምንጭ ፈጽመው ከራቁ ሠራተኞች ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚድኑት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ናቸው፤ ፈጥነው የራቁትም የመዳን ዕድላቸው ይበልጣል።

አለርጂ ሳይፈጥሩ ቧንቧውን በቀጥታ የሚያቃጥሉ ነገሮችም አሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ የጽዳት ኬሚካሎች በየቢሮው፣ በየሆቴሉና በየትምህርት ቤቱ ስላሉ ትልቁን ቦታ ይይዛሉ። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲቀላቀል ክሎሪን ጋዝ፣ ከአሞኒያ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ክሎራሚን ይፈጠራል፤ ሁለቱም ጤነኛ ሰውን እንኳ ሆስፒታል ሊያስገቡ ይችላሉ። መጸዳጃ ቤት የሚያጸዱ ሠራተኞች የበለጠ ያነጣል በሚል እምነት ሁለት ሦስት ነገር ሲቀላቅሉ ማየት የተለመደ ነው፤ ይህን ማስቆም ከየትኛውም የግድግዳ ማስጠንቀቂያ በላይ ዋጋ አለው። በአንድ ከባድ የጋዝ አደጋ ምክንያት ብቻ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የጀመረ አስም መሰል ሕመም ለወራትና ለዓመታት ሊዘልቅ እንደሚችልም እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በሕክምናው ዓለም በስም ተለይቶ ይታወቃል። ከዚህ ባነሰ ደረጃም ቢሆን የሚረጭ ማጽጃ ብናኙ በአየር ላይ ስለሚንሳፈፍ፣ ፈሳሹን በጨርቅ ላይ አፍስሶ መወልወል ከመርጨት ይሻላል። ለውጡ ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ በብዙ ቦታ አለመደረጉ ያስገርመኛል።

አሠሪዎች አስም ያለበት ሠራተኛ ቅሬታ ሲያቀርብ መጀመሪያ የሚሰጡት ነገር ማስክ ነው፤ በሙያ ደኅንነት ሥርዓት ግን ማስክ የመጨረሻው መፍትሔ ነው። ከሁሉ የሚቀድመው አደገኛውን ነገር ማስወገድ ወይም በሌላ መተካት ነው፤ ለምሳሌ ዱቄት የሌለው ወይም ከላቴክስ ያልተሠራ ጓንት መጠቀም የብዙ የጤና ሠራተኞችን ችግር ቀርፏል። ቀጥሎ ብናኙንና ጭሱን ከመነሻው ስቦ የሚያስወጣ የአየር መሳቢያ መትከል ይመጣል። ከዚያም የአሠራር ለውጥ ይከተላል፤ ዱቄትን ከከፍታ አለመገልበጥ፣ ሰጋቱራን በኮምፕረሰር አየር ከማባረር ይልቅ በቫኪዩም መሳብ፣ ወለልን አርሶ መጥረግ፣ ቀለም ቅብን ሰው በሌለበት ቀን ማከናወን። ማስክ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ሲሆን ዓይነቱም ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት። ተራው የቀዶ ጥገና ማስክ ጋዝንና ተንን አያግድም፤ ጥሩ የብናኝ ማስክም ቢሆን ጢም ባለበት ፊት ላይ በደንብ ስለማይገጥም አየር በጎን ያስገባል። አይሶሳያኔት ያለበትን ቀለም የሚረጭ ሰው ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያቀርብለት መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ ኬሚካሉ ጎጂ በሆነበት መጠን ሽታው ላይታወቅ ስለሚችል አፍንጫን ማመን አይቻልም።

ይህን ሁሉ ለአለቃ መናገር ግን ከማወቁ የባሰ ይከብዳል። ሰው ሥራዬን አጣለሁ፣ ሰነፍ ነው እባላለሁ፣ ደካማ መስዬ እታያለሁ ብሎ ይፈራል፤ ፍርሃቱም መሠረተ ቢስ አይደለም። ሆኖም ከታዘብኩት «አስም አለብኝ፣ አቧራ አልችልም» የሚል ጥቅል አቤቱታ ብዙ ጊዜ መልስ አያገኝም፤ አለቃው ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውምና። «ኮሪደሩ ጠዋት ሠራተኛ ሲገባ የሚረጨው ማጽጃ ትንፋሼን ያሳጥረዋል፤ ማታ ሁሉም ከወጣ በኋላ ቢደረግ ይሻለኛል» የሚለው ግን ወጪ የማይጠይቅ፣ ሊፈጸም የሚችልና የተፈጸመ መሆኑም የሚታይ ጥያቄ ነው። የኬሚካሉን የደኅንነት መረጃ ወረቀት መጠየቅም ተገቢ ነው፤ አምራቾች ለአደገኛ ኬሚካሎች የሚያዘጋጁት ይህ ሰነድ ምርቱ የመተንፈሻ አለርጂ ሊያስከትል የሚችል መሆኑን ይገልጻል። ከአለቃው ሌላ ቢያንስ አንድ የቅርብ ባልደረባ መድኃኒቱ የት እንደሚቀመጥና ሕመሙ ሲነሳ ምን እንደሚደረግ ማወቅ ይኖርበታል። ቢሮ ውስጥ ብቻ የሚሠሩትም ነገሩ አይመለከተንም ማለት አይችሉም፤ ሳይጸዳ የከረመ የኤርኮንዲሽነር ማጣሪያ፣ ውኃ ባሰረገ ግድግዳ ላይ የበቀለ ሻጋታና የባልደረባ ሽቶ የሚገኙት እዚያው ነው።

በትምህርት ቤት ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ሕፃኑ የራሱን ሕመም በቃላት አስረድቶ መከራከር አይችልም። ትንፋሽ አጠረኝ በማለት ፈንታ ሆዴን አመመኝ ሊል፣ ከጨዋታ ወጥቶ ጥግ ሊቀመጥ፣ ሲስቅ ሊያስል ወይም ዝም ሊል ይችላል። ሌሊት ሲያስል ያደረ ልጅ ጠዋት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፤ መምህሩም ግዴለሽ ነው ብሎ ይቆጣዋል። ወላጅ በዓመቱ መጀመሪያ ከክፍል መምህሩ ጋር ተቀምጦ እነዚህን ምልክቶች አንድ በአንድ ቢነግረው፣ ከሐኪም የተጻፈ የአስም ዕቅድም ቢሰጠው፣ ብዙ ያለ አግባብ የሚደርስ ቁጣና ብዙ አደጋ ይቀራል። በዕቅዱ ላይ ልጁ በየቀኑ የሚወስደው፣ ሲነሳበት የሚወስደውና ወደ ሕክምና የሚያስሮጠው ምልክት በግልጽ መስፈር አለበት።

በልጆች ላይ አስምን ከሁሉ በላይ የሚያስነሳው ተራ ጉንፋን ነው። ትምህርት ቤቶች ከረጅም ዕረፍት በኋላ ሲከፈቱ፣ ልጆች ቫይረሶቻቸውን እንደገና ሲለዋወጡ፣ በአስም ምክንያት ሆስፒታል የሚገቡ ሕፃናት ቁጥር በተለያዩ አገሮች ከፍ ሲል ይታያል። በዕረፍቱ ወራት በየቀኑ የሚወሰደው መድኃኒት እየተዘነጋ መሄዱም ለዚህ አስተዋጽኦ አለው፤ ስለዚህ መደበኛውን መድኃኒት ትምህርት ከመጀመሩ ሳምንታት ቀደም ብሎ በሥርዓት ማስያዝ ያስፈልጋል። እጅ መታጠብና የኢንፍሉዌንዛ ክትባትም ይረዳሉ። ከክፍሉ ውስጥ ደግሞ የጠመኔ ብናኝ የሚያስቸግራቸው ልጆች ከሰሌዳው ራቅ ብለው ቢቀመጡ፣ ሰሌዳውም በእርጥብ ጨርቅ ቢጠረግ መልካም ነው። ጽዳቱ ተማሪዎች ከወጡ በኋላ፣ ቀለም ቅቡ በዕረፍት ወራት ቢሆን፣ ልጆችን የሚጠብቁ መኪኖችም በበሩ ላይ ሞተራቸውን አጥፍተው ቢቆሙ ይመረጣል። አለርጂ የሚያስነሳው የድመት ቅንጣት ድመት ወደሌለበት ክፍል ድመት ባላቸው ልጆች ልብስ ላይ ተሳፍሮ እንደሚመጣና እዚያ ያሉትን አስም ያለባቸውን ልጆች እንደሚያውክ በስዊድን ትምህርት ቤቶች የተደረገ ጥናት አሳይቷል፤ ይህን ማወቅ ምንጩ ያልታወቀ የሚመስልን ሕመም ለመረዳት ይጠቅማል።

በትምህርት ቤት ዋናው ጥያቄ ግን ኢንሄለሩ፣ ማለትም መድኃኒቱ የሚሳብበት መርጫ፣ የት ነው የሚለው ነው። በተቆለፈ ቢሮ፣ በተቆለፈ ቁም ሣጥን፣ ቁልፉም ዛሬ ባልመጣ ሰው ኪስ ከሆነ እንደሌለ ይቆጠራል። አጠቃቀሙን ያወቀ ልጅ ራሱ ሊይዘው ይገባል፤ ያላወቀው ትንሽ ልጅ ደግሞ መምህሩ በሚደርስበት ቦታ፣ ከስፔሰሩ (ከኢንሄለሩ ጫፍ ላይ ተገጥሞ መድኃኒቱ ከሚሳብበት ባዶ ቱቦ) ጋር፣ ስሙ ተጽፎበት ሊቀመጥለት ይገባል። ወደ ስፖርት ሜዳም ሆነ ወደ ትምህርታዊ ጉብኝት ሲኬድ አብሮ ይሄዳል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2014 ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ለድንገተኛ ጊዜ የሚሆን የሳልቡታሞል ኢንሄለር ያለ ማዘዣ ገዝተው እንዲያስቀምጡ በሕግ ተፈቅዶላቸዋል፤ በአሜሪካ ሃምሳውም ግዛቶች ተማሪዎች የራሳቸውን ኢንሄለር እንዲይዙ የሚፈቅዱ ሕጎች አሏቸው። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት ቦታ ወላጆችና ርዕሰ መምህሩ በመካከላቸው በጽሑፍ ሊስማሙ ይችላሉ፤ ለዚህ የፓርላማ ውሳኔ መጠበቅ አያስፈልግም።

ሕመሙ በተነሳ ጊዜ ምን ይደረግ? በአውስትራሊያ በስፋት የሚሰጠው የመጀመሪያ ዕርዳታ ትምህርት ለማስታወስ ቀላል ነው። ሰውየውን ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥና ማረጋጋት፤ ማስተኛት አይገባም። ሳልቡታሞሉን በስፔሰር አንድ ጊዜ መርጨትና ከስፔሰሩ አራት ጊዜ እንዲተነፍስ ማድረግ፤ ይህን በየተራ አራት መርጫ እስኪሞላ መድገም። አራት ደቂቃ መጠበቅ። ካልተሻለው ሌላ አራት መርጫ መስጠት፤ አሁንም ካልተሻለው አምቡላንስ ጠርቶ፣ ዕርዳታ እስኪደርስ በየአራት ደቂቃው አራት መርጫ እየሰጡ መቀጠል። ዓረፍተ ነገር ጨርሶ መናገር ካቃተው፣ ከንፈሩ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ፣ ከደከመና ከፈዘዘ ግን ጊዜ ሳይቆጥሩ ወዲያው አምቡላንስ መጥራት ያስፈልጋል። ቀድሞ ይሰማ የነበረው የደረት ፉጨት ሰውየው ሳይሻለው ድንገት ጸጥ ካለ ተሻለው ማለት አይደለም፤ አየሩ ጨርሶ መዘዋወር እያቃተው ሊሆን ስለሚችል ከሁሉ የሚያስፈራው እርሱ ነው። በወረቀት ከረጢት ማስተንፈስ ደግሞ ኦክስጅን ስለሚያሳጣው ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ወደ ስፖርት እንምጣ። አስም ያለበት ልጅ «ሩጫ ይቅርብህ» እየተባለ ያድጋል፤ ይህ በቅን ልቦና የሚሰጥ ግን የተሳሳተ ምክር ነው። አዘውትሮ መንቀሳቀስ ለአስም ሕመምተኛ የልብና የጡንቻ ብርታት ይሰጠዋል፤ በትንሽ ሥራ ማለክለኩንም ይቀንስለታል። በሩጫ ጊዜ አስም የሚነሳው በአፍ በብዛት የሚገባው አየር የቧንቧዎቹን ገጽ ስለሚያደርቀውና ስለሚያቀዘቅዘው ነው። ብዙውን ጊዜም የሚብሰው በሩጫው መካከል ሳይሆን ካቆሙ በኋላ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ አሠልጣኝ ይህን ካላወቀ ልጁን ከሜዳ አስወጥቶ ለብቻው ልብስ መቀየሪያ ክፍል ይልከዋል። ከዋናው እንቅስቃሴ በፊት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ አንዳንዴ ፈጠን ብሎ አንዳንዴ ዝግ እያሉ ሰውነትን ማሟሟቅ በብዙዎች ዘንድ ሕመሙን ይቀንሳል። በብርድ ቀን አፍና አፍንጫን በስካርፍ መሸፈንም ይረዳል። ሐኪም ካዘዘ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀድሞ ማስታገሻውን መውሰድ ይቻላል፤ ሆኖም ለእያንዳንዱ ልምምድ ማስታገሻ የሚያስፈልገው ሰው መደበኛ ሕክምናው እንዲስተካከልለት ሐኪሙን ማየት አለበት።

አሜሪካዊቷ ጃኪ ጆይነር ከርሲ አስም እያለባት እ.ኤ.አ. በ1988 እና በ1992 ኦሎምፒክ ሰባት ውድድሮችን ባቀፈው ሄፕታትሎን ወርቅ አግኝታለች። ለእኔ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረኝ ግን የሪክ ዴሞንት ታሪክ ነው። በ1972 የሙኒክ ኦሎምፒክ የ16 ዓመቱ አሜሪካዊ ዋናተኛ በ400 ሜትር ነፃ ቀዘፋ አንደኛ ወጣ፤ ከዚያም በሚወስደው የአስም መድኃኒት ውስጥ በውድድር የተከለከለው ኤፌድሪን በመገኘቱ ወርቁን ተነጠቀ። ልጁ መድኃኒቱን በቅጹ ላይ አስመዝግቦ ነበር፤ የቡድኑ ኃላፊዎች ግን ለሚመለከተው አካል አላሳወቁለትም። የአሜሪካ ኦሎምፒክ ኮሚቴ የራሱን ጥፋት ያመነው በ2001 ነው። በአሁኑ ጊዜ የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ በሚሳብ መልኩ የሚወሰደውን ሳልቡታሞል የሚፈቅደው በ24 ሰዓት ከ1,600 ማይክሮግራም፣ በማንኛውም 8 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ከ600 ማይክሮግራም ሳይበልጥ ነው። አንድ መርጫ 100 ማይክሮግራም በሚሰጠው በተለመደው ኢንሄለር ሲታሰብ በ8 ሰዓት ስድስት መርጫ ማለት ነው። በውድድር የሚሳተፍ ወጣት ይህን አሠልጣኙ ያውቅልኛል ብሎ መተው የለበትም።

የስፖርት ምርጫን በተመለከተ፣ የውኃ ዋና አየሩ ሞቃትና እርጥብ ስለሆነ ለብዙዎች ይስማማል፤ ነገር ግን አየር በማይዘዋወርበት የተዘጋ ገንዳ፣ ክሎሪኑ ከዋናተኞች ላብና ሽንት ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው ጋዝ ዓይንንም ቧንቧንም ያቃጥላል። የገንዳ ኃይለኛ ሽታ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የንጽሕና ምልክት ሳይሆን የዚሁ ጋዝ ምልክት ነው። የታመቀ አየር በያዘ ጋን ወደ ባሕር ጥልቀት መጥለቅ ግን የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ በጠበበ ቧንቧ የታመቀ አየር ሰውየው ወደ ላይ ሲወጣ ተለጥጦ ሳንባን ሊቀድ ስለሚችል፣ ያለ ሐኪም ምርመራና ፈቃድ አይሞከርም። ከጨዋታ በኋላ ለጉልበት ሕመም በልማድ የሚወሰደው ኪኒንም የሚረሳ አደጋ አለው፤ አስም ካለባቸው አዋቂዎች ውስጥ 7 በመቶ ያህሉ እንደ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ያሉ መድኃኒቶች ሕመማቸውን በኃይል ያስነሱባቸዋል።

ለመዝናናት ወደ ደጅ ሲወጣ ሰማዩንም መመልከት ይገባል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ቀን 2016 ምሽት በአውስትራሊያ ሜልቦርን ከተማ ላይ ያለፈ ነጎድጓዳማ ማዕበል በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በትንፋሽ እጥረት ወደ ሆስፒታል አስሮጦ 10 ሰዎችን ገድሏል። ራይግራስ የሚባለው ሣር የአበባ ብናኝ በአየሩ እርጥበት ፈንድቶ ወደ ሳንባ ጥልቀት ሊገባ የሚችል ደቃቅ ቅንጣት ከሆነ በኋላ፣ ከማዕበሉ ፊት የሚነፍሰው ነፋስ ወደ መሬት አወረደው። ከታመሙት ብዙዎቹ አስም አለብን ብለው የማያውቁ፣ በአበባ ወቅት አፍንጫቸው የሚያሳክካቸውና የሚያስነጥሳቸው ብቻ ነበሩ። ስለዚህ በአበባ ብናኝ ወቅት ነጎድጓድ ሲቃረብ፣ የሜዳው ጨዋታ ምንም ያህል ቢያጓጓ፣ ገብቶ መስኮት መዝጋት ይሻላል። የካምፕ እሳትና ርችት ባለበት ቦታ ደግሞ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን መቀመጥ፣ ጭሱ ዙሪያውን ከያዘ መነሳት ነው።

የሽርሽር ቦርሳ ሲዘጋጅ ኢንሄለሩ በፀሐይ በተጋለጠ መኪና ውስጥ መተው እንደሌለበት ማስታወስ ያስፈልጋል፤ በግፊት የታሸገው ቆርቆሮ ከ50 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሙቀት ሲነካው ሊፈነዳ ይችላል። በዱቄት መልክ የሚሳበው ዓይነት ደግሞ እርጥበትን አይወድም፤ መታጠቢያ ቤትና የረጠበ የዋና ልብስ የታሸገበት ኪስ አይስማሙትም። ቆርቆሮው ሲነቀነቅ ድምፅ መስጠቱ መድኃኒት አለው ማለት አይደለም፤ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም የሚገፋው ጋዝ ይቀራልና፣ ቆጣሪ ካለው ቆጣሪውን ማየት፣ ከሌለው የተጀመረበትን ቀን በላዩ ላይ መጻፍና የተወሰደውን መርጫ መመዝገብ ያስፈልጋል። ሁለተኛ ኢንሄለር መያዝ ከተቻለ፣ አንደኛው በራስ ኪስ፣ ሁለተኛው አብሮ በሚጓዝ ሰው ቦርሳ ይሁን።